እርሻው ደብተር አለው፤ የከብቱ መንገድስ?

የሚሌ ወንዝ የሚነሣው ከሱሉላ በስተ ምዕራብ ካለው የተሁለደሬ ደጋ ነው። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይወርዳል፣ ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አፋር ምድር ይገባል፤ መጨረሻውም አዋሽ ነው። ውሃው ወደ ቆላ ሲወርድ፣ በደረቁ ወራት ደግሞ የአፋር አርብቶ አደር ግመሉን፣ ከብቱንና ፍየሉን እየነዳ ወደ ወሎ ተራሮች ግርጌ ይወጣል። ይህ መውጣትና መውረድ ለሐይቅ፣ ለአምባሰልና ለወረባቦ ሰው እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነው ጉዞው የሚያልፍበት መሬት አሁን ያለበት ሁኔታ ነው። ማሳው ዛሬ መለያ ቁጥርና የይዞታ ደብተር አለው፣ ካርታም እየተነሣለት ነው። የከብቱ መንገድ ግን ደብተርም ካርታም የለውም። ሕጋችን ተቀምጦ ለሚኖረው መብቱን ጽፎ፣ እየተንቀሳቀሰ ለሚኖረው ሳይጽፍ በመቅረቱ፣ ማለፍና ማጥፋት በአንድ ዓይን እንዲታዩ አድርጓል። መቅጣት ያለበት የደረሰን ጉዳት ነው እንጂ ማለፍን አይደለም። ይህ እንዲሆን ደግሞ ማለፊያው እንደ እርሻው ሁሉ በጽሑፍ መስፈር አለበት።

አርብቶ አደር ከቦታ ቦታ የሚሄደው አገር ስለሌለው አይደለም። በአፋር ቆላ ዋናው ዝናብ ካርማ የሚባለው የክረምት ዝናብ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጠበቀው ሱጉም ከብቱን እስከ ካርማ ያደርሳል። ሱጉም ከቀረ ሣሩ ያልቃል፣ ኩሬው ይደርቃል፤ ባለ ከብቱ ወይ ወደ ደጋው ግርጌ ይወጣል፣ ወይ መንጋው ሲያልቅ ያያል። ሲወጣም በዘፈቀደ አይወጣም። ዳጉ በሚባለው የአፋሮች የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት የት ዝናብ እንደ ጣለ፣ የት ሣር እንዳለ፣ የት ሰላም እንደ ሆነ ጠይቆ ይነሣል። ደጋውም ከዚህ ግንኙነት ይጠቀማል። የባቲ የሰኞ ገበያ ትልቅ ስም ያተረፈው የቆላው ከብትና የደጋው እህል የሚገናኙበት ቦታ በመሆኑ ነው። አዝመራው ተነሥቶ መንጋ የተሰማራበት ማሳ ፍግ ያገኛል። የደጋው ሰውም ቢሆን ቆላው ሲለመልም ከብቱን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ወገን ችግርና የሌላ ወገን ቸርነት አይደለም፤ በየዓመቱ የሚታደስ የጋራ ኑሮ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንሂድ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1140 ይዞታን የሚተረጉመው አንድ ሰው በነገሩ ላይ በእጁ አድርጎ በእውነት ማዘዙን መሠረት አድርጎ ነው። በቁጥር 1148 ባለይዞታው ይዞታውን ሊነጥቅ ወይም ሊያውክ የመጣን ሰው በኃይል እንዲመልስ ይፈቅዳል። በቁጥር 1149 ደግሞ በየፍርድ ቤቱ የምናውቀውን የሁከት ይወገድልኝ ክስ ሰጥቶ፣ የማቅረቢያውን ጊዜ በሁለት ዓመት ይወስናል። የወንጀል ሕጉም በበኩሉ የሌላን ሰው ይዞታ ማወክንና መንጋ በሰው መሬት ላይ ለቅቆ ጉዳት ማድረስን ያስቀጣል። ለገበሬው እነዚህ ድንጋጌዎች ሁሉ ተገቢ ጋሻ ናቸው። ግን ሁሉም የተሠሩት ዓመቱን ሙሉ በቦታው ለሚገኝ ሰው ነው። በዓመት ሁለት ወር ብቻ በአንድ ሸለቆ የሚያልፍ፣ አባቱና አያቱም በዚያው ያለፉ ባለ ከብት በዚህ ትርጉም ባለይዞታ ሊባል አይችልም። ሸለቆው ቢታረስበት ሁከት ይወገድልኝ ብሎ የሚከስበት መሠረት የለውም፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ሲመጣ ግን ሁከት ፈጣሪ ተብሎ የሚከሰሰው እሱ ነው። ሕጉ በሁለቱ መካከል ዳኛ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን አንደኛውን ከነጭራሹ የማያይ ዳኛ ነው።

በሰው መሬት ላይ ማለፍን የሚመለከት ሕግ ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1359 ጀምሮ የንብረት አገልግሎት ስለሚባለው ይደነግጋል። አንዱ መሬት ለሌላው መሬት ጥቅም ሲባል መተላለፊያ ወይም ሌላ ግዴታ ሊሸከም ይችላል። ነገር ግን ተጠቃሚው ራሱ መሬት መሆን አለበት፤ መብቱ ከሰው ጋር የሚዞር ሳይሆን ከአንድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ጋር የተያያዘ ነው። መሬት በስሙ የሌለው አላፊ በዚህም በር መግባት አይችልም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የወል ይዞታን ሲተረጉም፣ ለአካባቢው ነዋሪዎች ለጋራ ግጦሽ፣ ለደንና ለሌላ ማኅበራዊ አገልግሎት የተሰጠ መሬት ነው ይል ነበር። ነዋሪ የሚለው ቃል ብቻውን በየወቅቱ የሚመጣውን ተጠቃሚ ከወል መሬቱ አስወጣው። አዋጁ ከዚህም አልፎ የወል ይዞታ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊቀየር እንደሚችል ደንግጎ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ሆኖም የወል መሬቱ የተለካውና የተከፋፈለው በእነዚያ ሃያ ዓመታት ገደማ ነው። መሬቱ አንዴ በግል ስም ከገባ፣ የከብቱ መንገድ የሰው ጓሮ ይሆናል።

የሚንቀሳቀስን ሰው መሬት ባለቤት እንደሌለው የመቁጠር ልማድ በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 በማንም ሰው ስም ያልተያዘን ንብረት፣ የግጦሽ መሬትን ጨምሮ፣ የመንግሥት ሀብት አድርጎት ነበር። አርብቶ አደር መሬቱን በስሙ አያስመዘግብምና፣ በዚያ አንድ አንቀጽ የግጦሽ አገሩ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የተንዳሆን የመሰሉ የጥጥ እርሻዎችም አፋሮች በክፉ ቀን ይመኩበት የነበረውን የወንዝ ዳር ሣር ወሰዱ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ መሸሻው ተይዞ ነበር፤ በወሎ ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት መካከልም አፋሮች ነበሩበት። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ዘላን ለሚላቸው ሕዝቦች በልማድ በሚያሰማሩበት መሬት ላይ የመጠቀም መብት ሰጠ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ የሚጠቀሙበትን መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው አረጋገጠ፤ ዝርዝሩንም በሕግ ይወሰናል ብሎ ተወው። አንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነትን ለሁሉም ሰጥቷል። ትልቁ ሕግ በጎ ነገር ይናገራል። ቃሉ ግን ወርዶ ቀበሌ ሲደርስ፣ ከብት የሚዘዋወርበትን መንገድ የሚያሳይ አንድም ወረቀት አይገኝም።

የአስተዳደር ወሰንም ነገሩን አክብዶታል። አውሳ በአንድ ወቅት ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበር። የአውሳ ባለ ከብትና የአምባሰል ገበሬ ሲጣሉ በመጨረሻ የሚዳኛቸው አንድ ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም አንድ ክፍለ ሀገር ነበር። ዛሬ በመካከላቸው የክልል ወሰን አለ፤ የአንደኛው የመሬት ሕግ ባሕር ዳር ሲወጣ የሌላው ሰመራ ይወጣል፣ የእያንዳንዱ ሕግም ሥልጣን በየራሱ ወሰን ላይ ያበቃል። ሁለቱ ክልሎች ራሳቸውን ማስተዳደራቸው መልካም ነው፤ ወደ ድሮው እንመለስ የሚል ሐሳብ የለኝም። ግን ወቅት ጠብቆ ወሰን የሚሻገር ኑሮ በሁለቱም ሕግ መካከል ወድቆ ቀርቷል። ከተሻገረ በኋላ በአንደኛው ክልል ነዋሪ አይደለም፣ የወጣበት ክልል ሕግም ተከትሎት አይሄድም።

በደጋው በኩል የተሠራው ሥራ ጥሩ ውጤት እንዳመጣ መካድ አይገባም። በአማራ ክልል ገበሬዎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አረንጓዴ የይዞታ ደብተር ተቀብለዋል። በደቡብ ወሎና በምሥራቅ ጎጃም የተደረጉ ጥናቶች ደብተሩ የገበሬውን የመነቀል ሥጋት እንደ ቀነሰለት፣ እርከን ለመሥራትና አፈሩን ለመጠበቅም እንዳነሣሣው አሳይተዋል። ተራራውን ከልሎ ከከብት መጠበቅም ወሎ ውስጥ ከ1970ዎቹ ረሃብ ወዲህ የተስፋፋ ሥራ ነው። ተራቁቶ የነበረ ዳገት ሣርና ቁጥቋጦ መልሷል፣ ሣሩን አጭዶ መመገብም ተለምዷል። የተከለለው ቦታ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ከብቱ የገባበት ሰው ይቀጣል። ይህን ደንብ የሚያወጣው ግን የቀበሌው ስብሰባ ነው። ነዋሪው በስብሰባው ድምፅ አለው፤ ከሣሩም ድርሻውን ያጭዳል። ከቆላ የሚመጣው ግን አልተጠራም፣ ድርሻም የለውም። የሚደርሰው ቅጣቱ ብቻ ነው። አንድ ሰው ባልተማከረበትና ጥቅሙን በማይካፈልበት ደንብ ብቻ ሲቀጣ፣ ደንቡን እንደ ጠላት እንጂ እንደ ሕግ ሊያየው አይችልም።

ገበሬው የሚያነሣው መቃወሚያ ከሁሉም የከበደ ስለሆነ በቅድሚያ ሊመለስ ይገባዋል። በደቡብ ወሎ የብዙው ገበሬ መሬት አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። በአንድ ሌሊት መንጋ የገባበት የማሽላ ወይም የጤፍ ማሳ የዓመት ቀለብ ነው፤ ለዚያ ቤተሰብ ስለ አርብቶ አደር መብት መስበክ ግፍ ይሆናል። ከዚህም በላይ አካባቢው በልግም መኸርም ያርሳል። መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ለበልግ እስኪታረስ ድረስ ማሳው ባዶ የሚሆነው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ሱጉም በሚቀርበት ጊዜ ደግሞ ደጋው ዘር ላይ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን እውነቱ የሚያሳየው የመንገዱን አስፈላጊነት ነው። ከብቱ በማሳው ውስጥ የሚያልፈው ከማሳው ውጭ የተተወለት ማለፊያ ስለሌለ ነው። ድንበሩ የታወቀ፣ ውሃ መጠጫና ማደሪያ ያለው መንገድ ቢኖር፣ ከመንገዱ ወጥቶ ሰብል ያስበላ ባለ ከብት ማምለጫ ቃል አይኖረውም። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2071 ደንግጓል፤ ይህ ግዴታ በአንዲት ቃል እንዲላላ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሰብል ያስበላውና በሰላም ያለፈው እንዲለዩ ነው። ዛሬ ሁለቱም እኩል ጥፋተኛ ከሆኑ፣ ከብቱን ከሰብል ለመጠበቅ የሚደክም እረኛ ለድካሙ ምን ዋጋ ያገኛል?

ሁለተኛው መቃወሚያ አርብቶ አደርነት ያለፈበት ኑሮ ነው፣ መፍትሔው ማስፈር ነው ይላል። ወዶ የሚሰፍርን ማንም አይከለክለውም፤ ብዙ የአፋር ቤተሰቦችም እያረሱና እየነገዱ ናቸው። ነገር ግን ዝናቡ በየዓመቱ ቦታ በሚቀያይርበት ቆላ መንጋን በአንድ ቦታ ማቆም ማለት ዝናብ በቀረ ዓመት በመንጋው ላይ መፍረድ ነው። ከዚህም ጋር የደጋው ሰው ራሱ ተንቀሳቃሽ መሆኑ መረሳት የለበትም። ደሳለኝ ራህመቶ በአምባሰል ላይ ያደረጉት ጥናት የ1977ቱ ረሃብ ሲመጣ ገበሬው ሕይወቱን ለማትረፍ ከተጠቀመባቸው መንገዶች መካከል አገር ጥሎ መሄድ አንዱ እንደ ነበር ይመሰክራል። ዛሬም የወሎ ወጣት ለአጨዳና ለለቀማ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ይወርዳል። በሌላ ሰው አገር እየሠራ ለቤቱ የሚያበላ ሕዝብ፣ እንቅስቃሴ ለችጋር የተሰጠ መልስ እንጂ የባሕርይ ጉድለት እንዳልሆነ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ሦስተኛው መቃወሚያ ጸጥታን ይመለከታል። መሣሪያ የያዘ እረኛ፣ የተዘረፈ ከብት፣ የፈሰሰ ደም አለ፤ መንገድ መክፈት ለወንበዴ በር መክፈት ነው የሚሉ ወገኖች ሥጋታቸው መሠረት አለው። ግን የማይታወቅ መንገድ ከታወቀው ይልቅ ለወንበዴ ይመቸዋል። መቼ፣ በየት፣ በማን ኃላፊነት፣ ስንት ከብት እንደሚያልፍ በሁለቱም ወረዳዎች ሲታወቅ፣ በሌላ ጊዜና በሌላ ቦታ የሚመጣውን መለየት ይቻላል። በተከለከለ ጊዜ ግን ሁሉም በጨለማ ያልፋል፤ በጨለማ የሚያልፍ ደግሞ መሣሪያ መያዙ አይቀርም።

አራተኛው ወገን ሕግ አያስፈልግም፣ ባህሉ ይበቃል ይላል። ወሎ አበጋር የሚባሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያከብራቸው አስታራቂዎች ያሉበት አገር ነው፤ አፋሮችም መዳዓ የሚባል የራሳቸው ሕግና የሽማግሌ ሸንጎ አላቸው። ደም ያደረቁት፣ የተነዳ ከብት ያስመለሱት፣ ካሳ የቆረጡት እነሱ ናቸው። እኔም አከብራቸዋለሁ። ሆኖም የአንዱ ወገን መብት በደብተር፣ የሌላው በትዝታ ሲሆን፣ ሽማግሌው የሚያስታርቀው ወረቀት ያለውንና ወረቀት የሌለውን ነው። ዕርቁ የከሸፈ ዕለት ባለ ደብተሩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ሌላው የሚሄድበት የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 በግልጽ የጠቀሰው የባህልና የሃይማኖት ዳኝነት በግልና በቤተሰብ ጉዳይ የሚሰጠውን ነው። የአንዱን መብት ጽፎ የሌላውን ለባህል መተው ከወገንተኝነት አያድንም።

ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሕግ በተሽከርካሪ ቤት እየተዘዋወሩ የሚኖሩ ሰዎች ያለ ፈቃድ በሰው መሬት ላይ አርፈው ጉዳት ወይም ሁከት ካደረሱና ውጡ ሲባሉ ካልወጡ እስራትና የተሽከርካሪ መያዝ አመጣባቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የዚሁ ሕግ አንዳንድ ክፍሎች ከሰብአዊ መብት ድንጋጌ ጋር እንደማይጣጣሙ ወሰነ፤ ምክንያቱም ሰዎቹ በሕግ የሚያርፉበት በቂ ቦታ ሳይኖር ወደ ለቀቁት መሬት እንዳይመለሱ የሚከለከሉበት ጊዜ መራዘሙ ነው። በአንጻሩ ስፔን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ሕግ የጥንት የመንጋ መንገዶቿን የማይሸጡ፣ በይርጋ የማይወሰዱ የሕዝብ ንብረቶች አድርጋ አስከብራለች። ኒጀርም እ.ኤ.አ. በ2010 የአርብቶ አደርን እንቅስቃሴ መሠረታዊ መብት ብላ ደንግጋለች። እዚህ አዲስ አበባ ላይ የሚመክረው የአፍሪካ ኅብረትም በዚያው ጊዜ ገደማ ባጸደቀው የአርብቶ አደርነት ፖሊሲ ማዕቀፍ እንቅስቃሴ የዚህ ኑሮ አካል መሆኑን ተቀብሏል። ከእንግሊዙ ፍርድ ቤት ውሳኔ የምወስደው ትምህርት ለእኛም ይሠራል፤ መንግሥት የሕጋዊውን መንገድ ሳያሳይ ሕገ ወጥ ነህ ብሎ መቅጣት የለበትም።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ከተሁለደሬ፣ ከአምባሰልና ከወረባቦ፣ በአፋር በኩልም ከሚሌና ከጭፍራ መጀመር ይቻላል። የአማራ ክልል መሬት ቢሮ ለሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ማሳ እየለካ ካርታ ያነሣል። ያው መለኪያ የከብቱን መንገድ፣ የውሃ መጠጫውንና የማደሪያውን ቦታ ይለካ፤ መንገዱም ለማንም በግል የማይሰጥ የወል ይዞታ ሆኖ ይመዝገብ። የሚለካውም ከሁለቱ ወገን በተመረጡ ሽማግሌዎች ፊት ይሁን፤ ማሳው ለመንገዱ የሚነካበት ገበሬ ቢኖር ካሳው አስቀድሞ ይከፈለው። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ካርማ ሲያልቅ የሁለቱ ክልል ወረዳዎች ተቀምጠው የመግቢያውንና የመውጫውን ቀን፣ የሚያልፈውን የከብት ብዛትና የእንስሳት ክትባቱን ይወስኑ። የተከለለው ተራራ ሣር ለክፉ ዓመት በዋጋ የሚሸጥበትንም መንገድ ይነጋገሩ፤ ያኔ ከለላው ለደጋው ገቢ፣ ለቆላው መጠባበቂያ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ጉዳት ሲደርስ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴና የባለ ከብቱ ሽማግሌዎች በጋራ ይገምቱ፤ በአበጋሩና በአፋር ሽማግሌዎች ፊት የተቋጨው ስምምነትም ተጽፎ ይፈረም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3312 ተከራካሪዎች በስምምነት የጨረሱትን ጉዳይ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋልና፣ ለዚህ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከእነዚህ አንዱም ከገበሬው ደብተር ላይ ያለ ካሳ የሚፍቀው መሥመር የለም። ጎረቤቱ መቼና በየት እንደሚያልፍ ስለሚያውቅ እንዲያውም ደብተሩ ይጠነክራል። አርብቶ አደሩም የሚያገኘው ስጦታ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ከሠላሳ ዓመት በፊት በሕግ ይወሰናል ብሎ ያቆየለት መብት፣ በሚረግጠው መሬት ላይ በሜትር ተለክቶ የሚታይበት ቀን ነው የሚመጣለት። ቀያሹ መለኪያውን ይዞ ዛሬ በየማሳው እየዞረ ነው። ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ በሰው ስም የገባን መሬት አስለቅቆ መንገድ ማውጣት እጅግ ከባድ ይሆናል። ካርታው ሳይዘጋ ሚሌን ተከትሎ የሚወጣው የከብት መንገድ ይሥፈርበት።